የሶፍትዌር ሥራ የት ደረሰ? በኤፒአይ ጠይቆ ማወቅ

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ለአርሶ አደሩ የግብርና ምክር የሚሰጠው የ8028 የስልክ መስመርም ሆነ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የሚንቀሳቀሱት በሶፍትዌር ነው። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲሻሻል ስህተት ካለፈ ጉዳቱ ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ይተርፋል።

በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች እያንዳንዱን ለውጥ በተራ ይገነባሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ከዚያም ለአገልግሎት ያውላሉ። ይህ ቅደም ተከተል ፓይፕላይን ይባላል። በአቃቂ ቃሊቲ የዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴ ተበጥሮ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ እንደሚወጣው ማለት ነው፤ አንዱ ደረጃ ከከሸፈ ቀጣዩ ይቆማል።

እንደ ጊትላብ ያሉ አገልግሎቶች የዚህን ሂደት መረጃ በኤፒአይ በኩል ይሰጣሉ። ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ሌላውን መረጃ የሚጠይቅበት በር ነው። ጠያቂው የፕሮጀክቱን መለያ ቁጥር ቶከን ከተባለ የይለፍ ቁልፍ ጋር ይልካል። ምላሹም እያንዳንዱ ፓይፕላይን መቼ እንደተፈጠረ፣ መሳካቱን፣ መክሸፉን ወይም በሂደት ላይ መሆኑን ይዘረዝራል። ጊትላብ በአንድ ገጽ በመደበኛነት 20፣ ቢበዛ 100 ውጤቶችን ስለሚመልስ፣ የቀረውን ለማግኘት ቀጣዩን ገጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምላሹ 401 ከሆነ ቁልፉ አልተላከም ወይም አይሠራም፤ 404 ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱ አልተገኘም ወይም ጠያቂው የማየት ፈቃድ የለውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቁልፉ ነው። ሰፊ ፈቃድ ያለው ቁልፍ በሌላ እጅ ከገባ ሶፍትዌሩን ለመለወጥ ሊያገለግል ይችላል። ስለሆነም መረጃ ለማየት ብቻ የማንበብ ፈቃድ ያለው ቁልፍ በቂ ነው፤ መጥፋቱ ሲጠረጠርም ወዲያውኑ ሊሰረዝ ይገባል።