የዶካና የአዲስ አበባ ሰዓት በአንድ ኮምፒውተር

ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሳለች። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሰዓት ለጠዋቱ 4 የተቀጠረ የኦንላይን ቃለ መጠይቅ ዶካ ላይ 3 ሰዓት ነው። በስልካችሁ 4 እስኪሆን ከጠበቃችሁ አመለጣችሁ።

ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ተርሚናል ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ቲዜድ=አፍሪካ/አዲስ_አበባ ዴት» ብላችሁ ጻፉ። ቲዜድ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የቦታ ስሞቹም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አይኑር። የአዲስ አበባ ሰዓት ይወጣላችኋል፤ የጠዋቱ 4 በፈረንጅ አቆጣጠር 10 ሆኖ ነው የሚታየው።

ቲዜድ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ነው፤ ፕሮግራም ሲነሳ የሚያነበው ማስታወሻ በሉት። እንዲህ ሲጻፍ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ ይሠራል። «ዴት»ን ትታችሁ ከፊቱ «ኤክስፖርት» ብትጨምሩ ግን ያ መስኮት እስኪዘጋ ይቆያል። በጋራ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ይሻላል፣ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሰው አያሳስትም።

ቀጠሮ ሲሰጣችሁም «በየት አገር ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።