ከዊንዶውስ በፊት የሚጠየቀው የይለፍ ቃል

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲበራ፣ የዊንዶውስ ምልክት ገና ሳይታይ የሚቀርበው የይለፍ ቃል ጥያቄ፣ ብዙ ገዢዎች እንደሚገምቱት ከዊንዶውስ የመጣ ባለመሆኑ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት በማስደረግ አይወገድም። ጠያቂው ባዮስ ነው፤ ይህም በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የሚኖር፣ ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ፈትሾ ሥራውን ለዊንዶውስ የሚያስረክብ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ዩኢኤፍአይ የተባለው ተተኪው ቦታውን ቢይዝም፣ ጠጋኞችም ሆኑ ሻጮች አሁንም ባዮስ ይሉታል።

የይለፍ ቃል ሲረሳ በቅድሚያ የሚሰጠው ምክር የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥቶ መመለስ ሲሆን፣ ምክሩም መሠረት አለው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ፒሲ ኤቲ ውስጥ ሰዓቱና ቅንብሮቹ የተቀመጡት ሲሞስ በተባለ፣ መጠኑ 64 ባይት ብቻ በሆነና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ በሚቆይ ሜሞሪ ውስጥ ነበር። በኋላ በመጡ ብዙ ዴስክቶፖችም የይለፍ ቃሉ በዚያው ዓይነት ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር፣ ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትወጣ ቅንብሩም የይለፍ ቃሉም አብረው ይጠፉ ነበር። ለቢሮ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ግን ይህ ዘዴ እምብዛም አይሠራም፤ አንዳንዴም ችግሩን ያብሰዋል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረውና ከ2005 ወዲህ በሌኖቮ እጅ ያለው ቲንክፓድ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል፤ በዚህ ላፕቶፕ ላይ ሦስት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች ሊኖሩ ይችላሉና። የመጀመሪያው ላፕቶፑ በበራ ቁጥር የሚጠየቀው የማስነሻ ቃል ሲሆን፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ በባለሙያ እጅ ይሰረዛል። ሁለተኛው ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ የሚባለው፣ የባዮሱን ቅንብር ከለውጥ የሚጠብቀው ነው፤ ይህ ቃል ኤሌክትሪክ ባይኖርም የተጻፈበትን በማይረሳ ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ባትሪው ሲወጣ የሚጠፋው ሰዓቱ ብቻ ይሆንና ላፕቶፑ ቀኑ እንዲስተካከል ሲጠይቅ፣ ማስተካከያው ገጽ ደግሞ የሚከፈተው በዚያው በተረሳው ቃል ይሆናል። ሌኖቮ ሱፐርቫይዘር ፓስወርዱን ለረሳ ባለቤት የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርዱን በክፍያ መቀየር ነው። ሦስተኛው የሃርድ ዲስክ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ የሚኖረው በራሱ በዲስኩ ውስጥ ስለሆነ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካም ቁልፉ አብሮት ይሄዳል፤ ዲስኩም ማንበብንም መጻፍንም ስለሚከለክል ፎርማት እንኳ አይደረግም።

ይህ ጥብቅነት ገዢውን ቢያስመርርም ተገቢ ነው፤ የተሰረቀ ላፕቶፕ ባትሪ በማውጣት ብቻ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ የደንበኞቹን ፋይል የሚይዝ ጠበቃም ሆነ የሕሙማንን መረጃ የሚይዝ ሐኪም መሣሪያውን ሊያምነው አይችልም ነበርና። አምራቾች የግዢ ደረሰኝ የሚጠይቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዴል ለምሳሌ ከላፕቶፑ ሥር በተለጠፈው ባለ 7 ፊደልና ቁጥር መለያ ባለቤትነትን አጣርቶ ይረዳል። ስለዚህ ደረሰኝ የሌለው ገዢ ትክክለኛው መንገዱ ወደ ሻጩ፣ በሻጩም በኩል ወደ ቀድሞው ባለቤት መመለስ ነው። ቺፑን አንሥቶ እንደገና የሚጽፍ ጠጋኝ ቢገኝ እንኳ፣ ሥራው ማዘርቦርዱን ሊያበላሽ ይችላል፤ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ምስጠራ ተቆልፎ ከሆነም በውስጡ ያለው ፋይል ባለ 48 አኃዙ የማስመለሻ ቁልፍ ከሌለ አይነበብም።

ነገሩ በቀላሉ የሚታወቀው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ላፕቶፑ ፈጽሞ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ፣ በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ10 ሲጫን የባዮሱ ገጽ ይከፈታል። ገጹ መከፈቱ ብቻ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዳንድ ሞዴሎች ቃሉን ላልሰጠ ሰው ገጹን ያሳዩትና እንዳይለውጥ ብቻ ይከለክሉታልና። በመሆኑም ሴኩሪቲ በሚለው ክፍል ውስጥ ከሱፐርቫይዘር ፓስወርድ አጠገብ ዲሴብልድ የሚል መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለዘመዱ ላፕቶፕ የሚልክ ሰውም ከመላኩ በፊት በዚሁ ገጽ ገብቶ አሮጌውን ቃል ከጻፈ በኋላ የአዲሱን ቦታ ባዶ ትቶ ቢያጸድቅ የይለፍ ቃሉ ይሰረዛል።