ስለ ቀላል ሕክምና ወጪ ልናውቀው የሚገባ

ጆሮ ማጠብ፣ ቁስል ማጽዳትና ማሰር፣ የታመመ ጥርስ መንቀል፣ የተቆረጠ ጣት መስፋት፣ የልጅ ጉሮሮ መመርመር፤ እነዚህ ሁሉ ቀላል ሕክምና ይባላሉ። ቀላል መባላቸው ግን የሚወስዱት ጊዜና የሚጠይቁት መሣሪያ ጥቂት ስለሆነ ነው እንጂ፣ ቢተዉ የሚያስከትሉት ጉዳት ጥቂት ስለሆነ አይደለም። በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ ቀድሞ በመንግሥት ሕክምና ቤት በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ ይፈጸም የነበረው ይህ ሕክምና ዛሬ በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ደጋ ስለ ምን ብዙ ጊዜ በግል ገንዘብ እንደሚፈጸም፣ እኛም ምን ማድረግ እንደሚገባን ለመግለጽ እንወዳለን።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ጤና ጣቢያዎች በየአውራጃው እየተስፋፉ ሄዱ። ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ፣ ሕዝቡ ድሬሰር እያለ የሚጠራቸው ሠራተኞችም ነበሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ የድኅነት ማስረጃ አጽፎ በነፃ ይታከም ነበር። ነገር ግን ሕክምና ቤቶቹ የሚሰበስቡት ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይደረግ ስለ ነበር፣ ያለቀውን መድኃኒትና ፋሻ ለመተካት አልዋለም። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ፣ ሕክምና ቤቶች የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ፣ ድኃውም በማስረጃ ከክፍያ ነፃ እንዲሆን መንገድ ከፈተ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጉድለቱ ገና አልተሟላም፤ ይህንንም ከአንባቢ አንሰውርም። ጤና ጣቢያው ጓንት፣ ፋሻ ወይም መድኃኒት ሲያልቅበት፣ በሽተኛው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ተቀብሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ክፍለ ጊዜውን ሊያጓድል የማይፈልግ መምህርም ወረፋውን አይቶ የግል ክሊኒክ ይመርጣል። ፈቃድ ባለው ክሊኒክ መታከም ነውር የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ለዚያ ገንዘብ በሌለው ሰው ላይ ነው። አንዱ ሕመሙን ይዞ በቤቱ ይቀመጣል፤ ሌላው ያለ ምርመራ የጥቂት ቀን ኪኒን ገዝቶ ይውጣል፤ ሌላውም ፈቃድ በሌለው መርፌ ወጊ ይወጋል።

ከሁሉ ይልቅ የምናስጠነቅቀው ስለ ልጆች የጉሮሮ ሕመም ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከጉንፋን ጋር የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይድናል። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም አለ፤ ይኸውም ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆኑትን ልጆች ያዘወትራል። ከብርድ የተነሣ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብና ዝግ ክፍል በሚተኛበት ደጋ አገር ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ድንገት ትኩሳት ቢነሣ፣ መዋጥ ቢያስቸግር፣ በአንገት ላይ ንፍፊት ቢወጣ፣ ልጁ ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ባለሙያው ካረጋገጠ በአንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም 10 ቀን ሙሉ በሚዋጥ ኪኒን ይታከማል። ሳይታከም ቢቀር ወይም ኪኒኑ በግማሽ ቢተው፣ ጉሮሮው የዳነ መስሎ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ሊነሣ፣ የልብንም ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። የተበላሸ ቫልቭ የሚጠገነው በትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለዚህም ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ አዲስ አበባ መሄድና ወረፋ መጠበቅ ያሻል። በአንድ መርፌ ዋጋ የተቆጠበው ገንዘብ እንግዲህ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይመዝን። እንጥል ማስቆረጥም ደም መፍሰስንና መመረዝን ያመጣል እንጂ ይህን በሽታ አይፈውስም።

በሕግ ለሁሉም ነፃ የሆነውን ማወቅም ይገባል። በመንግሥት ሕክምና ቤት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክብካቤ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ክፍያ የለባቸውም።

ለሌላው ሕክምና ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ይህ ደመወዝተኛ ላልሆነው ገበሬና አነስተኛ ነጋዴ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ የተስፋፋ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። በባሌ ደጋ ስንዴውና ገብሱ በበልግም በመኸርም ይታጨዳል፤ በሽታ ግን አጨዳ አይጠብቅም። ጎተራው ሲሞላ የተከፈለ መዋጮ ጎተራው ሲጎድል ሕክምና ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ትንሽ ቁስል ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ አመድ፣ ቡና ወይም እበት አይደረግበት። ጥልቅ ወይም አፈር የገባበት ከሆነ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ባለሙያ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ጤና ጣቢያው የማይችለውን ወደ ሮቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በወረቀት ይልካል። የመድን አባል ይህን ቅደም ተከተል ቢዘል ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄድ ሰው በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ይመልከት፤ ዋጋውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ ይቀበል፤ መርፌው በፊቱ ከማሸጊያው መውጣቱን ያረጋግጥ።

አራተኛ፤ ገንዘብ ቢያጥር የመድኃኒቱን ቀን በራስ ፈቃድ ከማሳጠር ይልቅ ችግሩን ለባለሙያው መንገር ይሻላል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ኃይሉ ግን እኩል የሆነ መድኃኒት ሊያዝ ይችላልና።

መምህራን ሆይ፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ ትኩሳት ያለውን፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተውን ልጅ ከወላጁ በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። በዚያው ቀን ወላጁን ብታስጠሩና የት፣ በምን ዋጋ እንደሚታከም ብትነግሩት፣ ያን ልጅ ከዕድሜ ልክ የልብ ሕመም ልታድኑት ትችላላችሁ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።