የኩሬው ውኃ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ከሚሠሩ ወላጆቻችን አንዳንዶቹ በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ትንሽ የአትክልት ኩሬ አላቸው። የሳይንስ ክበባችን አባላት ስለ እነዚህ ኩሬዎች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውኃውን ቀይረን፣ ማጣሪያውን አጥበን ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ለምን ይበላሻል?» መልሱን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በቅድሚያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እናስታውስ። በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሶማሌ ክልል፣ ከሃደጋላ አካባቢ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውኃ የተዘረጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን ጨው የሚያስወግድ ጣቢያ የተመረቀው። ስለዚህ ኩሬን በየሳምንቱ መድፋት ብዙ ድካም ያለፈበትን ውኃ መድፋት ነው።

ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው በመማሪያ መጻሕፍታችን ዋቅላሚ የሚባለው አልጌ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በዓይን በማይታዩ እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ብዛት ነው። አልጌ ለመራባት ፀሐይ፣ ሙቀትና ምግብ ይበቃዋል። ፀሐይና ሙቀት በጅቡቲ ሞልቷል። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከተረፈ የዓሣ መኖ፣ ከዓሣ ኩስ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአትክልት ማዳበሪያ ነው። ውኃው በሙቀት ሲተን እነዚህ ነገሮች አብረው አይተኑም፤ እዚያው እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ።

አልጌ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ራሱ ይወስዳል። ሞቃት ውኃ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ዓሦች ንጋት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ከታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ማጣሪያው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቆሻሻውን መያዝ ነው። ሁለተኛው በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች መኖሪያ መሆን ነው፤ እነርሱም ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃና በሳሙና ፈትጎ ማጠብ ክሎሪኑና ሳሙናው እነዚህን ባክቴሪያዎች እንዲገድል ያደርጋል። ማጣሪያው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሥራው ግን ከዜሮ ይጀምራል። ሳምንት ሳይሞላ የመበላሸቱ አንዱ ምሥጢር ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1. ስፖንጁን ከኩሬው በተቀዳ ባልዲ ውኃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ። ሁለት ስፖንጅ ካለ በተለያየ ሳምንት ማጠብ።
2. ክር የሚመስለውን አልጌ በእንጨት እየጠቀለሉ ማውጣት፤ በፓምፑ መግቢያ ላይም ወንፊት ማድረግ።
3. ዓሦቹ በጥቂት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ መመገብ።
4. የኩሬውን ግማሽ ያህል በመረብ ወይም በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ተክል ማጥላት።
5. ሁሉንም ከመድፋት በየሳምንቱ ጥቂቱን መቀየር። የሚወጣው ውኃ ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የሚገባው የቧንቧ ውኃ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይቀንሳል።
6. አልጌን በአንድ ጊዜ የሚገድል መድኃኒት አለመጨመር። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ለሚቀጥለው አልጌም ምግብ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ፓምፑ መቆም የለበትም። ሐሙስ ቢሮ ሲዘጋ መብራት አጥፍቶ የሚሄድ ሰው ፓምፑንም አብሮ ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጣሉ፤ ውኃውም ረግቶ ለትንኝ ይመቻል። ይህ ደግሞ በጅቡቲ የሚናቅ ነገር አይደለም። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ ጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ግን ቁጥራቸው ከ73 ሺህ አልፏል። ውኃው የሚንቀሳቀስና እጭ የሚበሉ ዓሦች ያሉበት ኩሬ ለትንኝ አይመችም፤ ማጣሪያው ተደፍኖ የቆመ ኩሬ ግን መራቢያዋ ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ ከቢሮው መብራት ይለይ፤ ኩሬውን በሳምንት አንድ ቀን የሚያይ ሰው ይመደብ። እንክብካቤ ለማይችል ግቢ ደግሞ ኩሬውን አድርቆ አበባ መትከል ይሻላል።