“ወደ ሰማይ ወርውረው ማን ሊቀልባት ነው?”

ባለፈው ሳምንት “የፍቅረኛን ስልክ መፈተሽ ፍቅር ነው ወይስ ስለላ?” ብዬ ያስነሳሁት አቧራ ገና አልሰከነም። እሱ ይቆየንና ዛሬ ወደ ተወለድኩበት አገር ይዣችሁ ልወጣ ነው። ደባርቅ! ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዳባትን አልፎ፣ የሰሜን ተራሮች ሥር። ጋቢ ያልያዘ የራሱ ጉዳይ።

ነገሩ የሆነው አምና በዐቢይ ጾም መሀል ነው። ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ገና ጉልበት ስሜ ሳልጨርስ “እትዬ ይፈልጉሃል” የሚል መልእክት ደረሰኝ። እትዬ (ስማቸው ይቅር) ሻይ ቤት አላቸው። አስጎብኚው፣ በቅሎ ነጂው፣ የፓርኩ ስካውት ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት እሳቸው ዘንድ ትኩስ ነገር ሳይቀምስ አይሄድም። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። አባቷ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ፣ ከእትዬም ጋር ከተለያዩ ብዙ ዓመት ሆኗል። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ልጅቷን ወሰዳት። ያኔ ቀጭን፣ ዛፍ ላይ የማትጠፋ ልጅ ነበረች። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

እንደደረስኩ እትዬ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። “ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አሉ። እስቲ ይኼን አንብብልኝ።”

የሚነበብ ነገር የለውም፤ ቪዲዮ ነው። የእህታቸው ልጅ ቲክቶክ ላይ አግኝቶት ነው ያመጣላቸው። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ ይገለባበጣሉ። ሦስቱ አንዲቷን ልጅ መዳፋቸው ላይ ያቆሙና፣ አንድ ሁለት ብለው፣ ወደ ላይ ያስፈነጥሯታል። አየር ላይ ሁለቴ ትሽከረከርና ተመልሳ ክንዳቸው ላይ ታርፋለች። አጭር ቀሚስ፣ ጸጉሯ ላይ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሪባን፣ ፊቷ ላይ ሰላሳ ሁለቱንም ጥርስ የሚያሳይ ፈገግታ።

“የኔ ልጅ ናት?”

“ናት፣ እትዬ።”

“እንግዲያስ ንገረኝ። ወደ ሰማይ ወርውረው ወርውረው ማን ሊቀልባት ነው?”

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ስለ ምግብ የሚያወሩ መስሎኝ “አባቷ ይቀልባታል እንጂ” ልል ነበር። እሳቸው የሚሉት ግን ኳስ እንደሚቀለበው ያለውን ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቪዲዮውን አይቶታል። ክርክሩ ጦፏል። ስለ ምኑ? ስለ ቀሚሷ! አንዱ “ባህላችንን አዋረደች” ይላል፣ ሌላው “አገሩ ነው” ይላል። አንድ በጡረታ የተገለሉ የፓርክ ስካውት ብቻ ከጥግ ሆነው “ጨነቅ ላይ ጭላዳ ማታ ማታ ወደ ገደሉ ሲወርድ አይታችኋል?” አሉ። ጨነቅ ለማታውቁት፣ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለ፣ ዋልያም ጭላዳም የሚታይበት ካምፕ ነው (ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፣ ገደሉን ያየ ግን አይጠይቅም)። “ጭላዳ ገደል ለገደል ሲሄድ የሚያየው እጁን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ ነው። እናንተ ቀሚስ ታያላችሁ” ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ማንም አልሰማቸውም። እኔም በጊዜው አልሰማኋቸውም።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ቺርሊዲንግ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ቅርቡ “አስጨፋሪነት” ነው፣ ግን አይመጥነውም። አስጨፋሪማ እኛም አለን። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት ካታንጋና ሚስማር ተራ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሕዝብ የሚያዘምር ሰው አለ። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ቀይና ነጭ ለብሶ ድምፁ የጠፋ ጓደኛ የሌለው የጎንደር ልጅ የለም። የአሜሪካውም ሲጀምር ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1898 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆኒ ካምቤል የሚባል ተማሪ ከተመልካቹ ፊት ወጥቶ ሕዝቡን በአንድ ድምፅ አስጮኸ። ያኔ የወንድ ሥራ ነበር! በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሴቶች የገቡት በ1923 ነው፣ ሥራው በአብዛኛው የሴት የሆነው ደግሞ ወንዶቹ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጉልበታቸው ተጎድቶ እግር ኳሳቸውን ሲተዉ በጦር አካዳሚያቸው አስጨፋሪ ነበሩ። ልጁ ጆርጅ ቡሽም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው የአስጨፋሪዎች አለቃ ነበሩ። እትዬ ይህን ስነግራቸው “እነሱንም ወርውረዋቸዋል?” አሉኝ። አይመስለኝም።

ዛሬ ግን ለሌላ ቡድን መጮኽ ቀርቶ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኗል። የኮሌጆቹ ትልቁ ውድድር በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች፣ ውቅያኖስ ዳር ይካሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ትርኢት ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሴኮንድ ነው። አለቀ! ምንጣፉ ላይ የሚወጡት ሃያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ “ቺር” የተባለውን ስለ ቴክሳሱ ናቫሮ ኮሌጅ የተሠራ ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቡድኑ ውስጥ አርባ ያህል ልጅ አለ፣ ግማሹ ዳር ቆሞ የአንዱን መውደቅ ይጠብቃል። ክፉ ሆነው አይደለም። ቦታው ሃያ ነዋ!

ማታውኑ ለልጅቷ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩላት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉንም አጫወተችኝ። ይህን እንድጽፍም ስሟንና ዩኒቨርሲቲዋን እንዳላነሣ አስምላ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት።

እሷ የምትወረወረዋ ናት፣ “በራሪ” ይሏታል። ከሥሯ ሁለት ተሸካሚዎች፣ ከኋላዋ አንገቷንና ራሷን የሚጠብቅ ሌላ አለ። ንጋት ላይ ክብደት ያነሳሉ፣ ቀን ክፍል ይገባሉ፣ ማታ ይለማመዳሉ። ሙሉውን ትርኢት ሳያቋርጡ መሥራት “ፉል አውት” ይባላል፤ አንድ ሰው ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በራሪ ስለሆነች ኪሎ መጨመር አትፈልግም፤ እናቷ በመንገደኛ የላኩላትን በሶ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትነካው አስቀምጣለች (ይህን ለእትዬ እንዳትነግሩብኝ)። ግን ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ “እዚህ መጥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሃያ ሰው ስሜን ጠርቶ ነው የሚወረውረኝ።” ቀሚሱን ረሳሁት ስላችሁ።

ከዚያ መጣ ጉዱ።

ከዘጠኝ ቀን በፊት በልምምድ ላይ ከፒራሚዱ ጫፍ ወድቃለች። የአንዱ ተሸካሚ እጅ አዳለጠው፣ ጭንቅላቷ የሌላውን ጉልበት መታና ምንጣፉ ላይ አረፈች። ወዲያው ተነሥታ ሳቀች፤ “ደህና ነኝ” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ መብራት ዓይኗን ይወጋታል፣ ያነበበችው ገጽ አይያዝላትም። ለአሰልጣኟ አልተናገረችም። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ዳር የቆመችው ተተኪ ትርኢቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ያ እጁ ያዳለጠው ልጅም አልተናገረም፤ እንዳትናገርበት የለመናትም እሱ ነው። “ወንድምዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግር” አለችኝ። እሺ አልኩ። ደደብ!

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስለ ራሴ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ፒራሚድ እንሠራ ነበር። የሰርከስ ነገር ያኔ በየከተማው ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሰርከስ ኢትዮጵያ አውሮፓ ድረስ ዞሮ ዝነኛ ከሆነ ወዲህ፣ ሰው ላይ ሰው ያልቆመበት የትምህርት ቤት በዓል ብርቅ ነው። እኛ ግን ምንጣፍም አሰልጣኝም የለንም። እኔ ከሥር ነኝ። ከላይ የሚቆመው ትንሽ ልጅ ሚዛኑ ሲስት፣ ፊቴ ላይ እንዳይወድቅ ፈርቼ እጄን አሸሸሁ። ልጁ በእጁ አንጓ ላይ ወደቀና ተሰበረ። ሁሉም “እሱ ነው የተንቀጠቀጠው” አሉ፣ እኔም አብሬ አልኩ። ወጌሻ ቤት ሲጮኽ ከበር ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ያ “አትናገሪብኝ” ያለው አሜሪካዊ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ስገባ እትዬ ስለ ቀሚስ አላነሱም። “ልጄ፣ ይቺ ልጅ ለምንድን ነው በቪዲዮ ስንደዋወል መብራት አጥፍታ የምታወራኝ?” አሉኝ። “ተኝቼ ነው ትለኛለች። አነጋገሯ ግን የተኛ ሰው አይደለም።” ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ጎንደር ያለ ሐኪም ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እናንተም ሰርከስ፣ ቴኳንዶ፣ ኳስ የምትሉ ሁሉ ያለኝን ስሙት። ኮንከሽን ወይም የአንጎል መናወጥ የሚባለው ራስን ሳይስቱም ይመጣል፣ ደም ላይታይም ይችላል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ብርሃንና ድምፅ መፍራት፣ መርሳት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ምልክቶቹ ናቸው። የተመታ ሰው በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ ሐኪም ሳያየውና ሳይፈቅድለትም ደረጃ በደረጃ ካልሆነ አይመለስም። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ከተጨመረ አንጎል ሊያብጥና ሊገድል ይችላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ካስቸገረ፣ አናቱ ላይ ቅቤ እያደረጋችሁ አታስታምሙት፤ ቶሎ ሆስፒታል!

አሜሪካኖቹ ይህን ያውቃሉ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከ1982 ጀምሮ ከባድ የስፖርት ጉዳቶችን የሚቆጥር ማዕከል አለ፤ በሴት ተማሪዎች ላይ ከደረሱት ከግማሽ በላዩን ያገኘው ቺርሊዲንግ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ በ2010 የኮነቲከት ግዛት ፌደራል ዳኛ፣ የኪውኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስን ሰርዞ በቺርሊዲንግ ሊተካ ሲል፣ ይህ ገና እንደ ስፖርት አይቆጠርም ብሎ ፈርዷል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለማኅበሩ ሙሉ እውቅና የሰጠው በ2021 ነው። በ2006 ደግሞ አንዲት ተማሪ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ መሀል ከፒራሚድ ወድቃ፣ አንጎሏ ተናውጦ አንገቷ ላይ አጥንት ተሰንጥቆ፣ በቃሬዛ ስትወጣ የትምህርት ቤቷ ሙዚቃ ሲመታ ተኝታ በእጆቿ ጭፈራውን ቀጠለች። አገር አጨበጨበላት። እኔ ያን ቪዲዮ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ፈገግታው የሥራው አካል ነውና ማን ያመመው ማን ደህና እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ለልጅቷ ጻፍኩላት፦ “እስከ ዓርብ ካልተናገርሽ ለእናትሽ እናገራለሁ።” ሰደበችኝ። ከዳተኛ አለችኝ። “አንተ ወድቀህ አታውቅም!” አለችኝ። የዚያን ትንሽ ልጅ ታሪክ፣ የእጄን ነገር፣ አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩላት። አነበበችው። ከዚያ ዘጋችኝ።

ሐሙስ ማታ ለእትዬ ደውላ፣ መብራቱን አብርታ፣ ዓይኗን እየጨፈነች ነገረቻቸው። በማግሥቱ ለቡድኑ ባለሙያ ተናገረች። ወዲያው ከምንጣፉ አወጧት። ተተኪዋ ገባች። ዴይቶና ላይ እሷ ጥቁር መነጽር አድርጋ ከዳር ተቀመጠች፤ መጮኽ እንኳ ራሷን ስለሚያማት በሹክሹክታ ቆጠረችላቸው። አላሸነፉም። ያ ልጅ፣ እጁ ያዳለጠው፣ ከጎኗ መጥቶ ሲያለቅስ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

እኔን አራት ወር አላናገረችኝም። አልፈርድባትም፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው። ተሳስቼ ይሆን? ብዬ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ።

መስከረም ላይ ደባርቅ ስወጣ እትዬ ከሩቅ በእጃቸው ጠሩኝ። ሐኪም ፈቅዶላት ተመልሳለች። አዲስ ቪዲዮ ልካለች፣ በቀጥታ ለሳቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው። ያው ምንጣፍ፣ ያው አጭር ቀሚስ፣ አንድ ሁለት፣ ወደ ላይ! እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

“ወረደች?”

“ወረደች፣ እትዬ። ቀለቧት።”

ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። “እስቲ ድገመው” አሉኝ። “አሁን ግን እሷን አይደለም። ከሥር ያሉትን አሳየኝ።”