የመድረሳው ኮምፒውተር በድንገት ሲዘገም፦ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት



የዑለማዎቻችን ደርስ፣ መንዙማና የተማሪዎች መዝገብ ዛሬ ዛሬ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። ለእንዲህ ያለው ሊኑክስ ይስማማዋል፤ በነፃ ይገኛል፣ በአነስተኛ አቅምም ይሠራል። ታዲያ አንድ ቀን ፋይል መክፈት ደቂቃዎች ሲወስድ «ቫይረስ ነው» ብለን ፎርማት ለማድረግ እንጣደፋለን። እባካችሁ አንቸኩል፤ ችግሩ ከሃርድ ዲስኩ ሊሆን ይችላል።

ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያስተላልፍባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉ። በ«ፒአይኦ» ፕሮሰሰሩ ራሱ መረጃውን ያመላልሳል፤ ባለሱቅ ደንበኛውን ትቶ ጆንያ እንደሚሸከም ማለት ነው። በ«ዲኤምኤ» ግን ጭነቱን ወዛደር ያራግፋል፣ ባለሱቁም ሥራውን ይሠራል። በአሮጌዎቹ የአይዲኢ ዲስኮች «ፒአይኦ 4» በሰከንድ ቢበዛ 16 ሜጋባይት ገደማ ሲያሳልፍ፣ «ዩዲኤምኤ 100» እስከ 100 ይደርሳል።

ሊኑክስ ስህተት ሲደጋገምበት ፍጥነቱን በራሱ ዝቅ ያደርጋል። ይህን ለማየት ተርሚናል ላይ «ሱዱ» ብለን፣ ቦታ ትተን፣ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘን እንጻፍ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ከ100 ወደ 33 ወይም ወደ ፒአይኦ መውረዱን፣ በሳታ ዲስክ ደግሞ ከ3.0 ወደ 1.5 ጊጋቢት መቀነሱን እንፈልግ።

ካገኘን እንዲህ እናድርግ፦

1. ከሁሉ በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ እንገልብጥ።

2. ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅለን ገመዱን እንፈትሽ። ባለ 40 ሽቦው የአይዲኢ ገመድ ከ33 በላይ አያስኬድም፤ ባለ 80 ሽቦው ያስፈልጋል።

3. በኡቡንቱ «ዲስክስ» በሚባለው ፕሮግራም «ስማርት» የሚለውን መረጃ እንይ። የ«ሲአርሲ» ስህተት ቁጥር እየጨመረ ከሄደ በአብዛኛው ጥፋቱ የገመዱ ነው። የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩ ራሱ ሊሞት ነው፤ ይቀየር።

አንዳንዶች ዲኤምኤን በትእዛዝ አስገድደው ይመልሳሉ። አንመክርም። ሊኑክስ የዘገየው መረጃው እንዳይበላሽ ነውና ማስጠንቀቂያውን ማፈን መፍትሔ አይሆንም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋ ስንት ንብረት እንደተዘረፈና እንደወደመ አይተናል። ስለዚህ ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱም በሌላ ቤት ይቀመጥ። የዳናና የሌሎች የየጁ ሐሪማዎች ዑለማዎች ኪታብን ያቆዩልን በእጃቸው እየገለበጡ ነበር። ለእኛ መገልበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አማናውን በተወኩል ስም ችላ አንበል፤ ተወኩልም ከሰበብ ጋር ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።