ስለ ሥራ ተቋራጮች ዋስትና

በአገራችን ዋስትና ዛሬ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ሲቆሙ አስቀድመው ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ዋስ የሚሆነው ሰው የጎረቤቱን ጠባይና አኗኗር ተመልክቶ ነበር እንጂ የቤት ካርታ አስይዞ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1922፥ ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠና ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ ገንዘብ በውሉ ካልተወሰነ እንደማይጸና ደነገገ። ይህም ዋስ የሆነው ሰው ልኩ ባልታወቀ ዕዳ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ መልካም ድንጋጌ ነው። ለተዋሰው ሰው ግን ዋሱን ማግኘት ራሱ ሌላ ችግር ሆኗል።

ይህንን ለማስተዋል በምሥራቅ ሸዋ የምትገኘውን ቡልቡላን መመልከት ይበቃል። ይህች ከተማ ስሟን የምትጋራው ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ከሚወርደው ወንዝ ጋር ነው። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። እንዲህ ያለ ፓርክ ባለበት ስፍራ መጋዘን፥ መኖሪያ ቤት፥ ትምህርት ቤትና የውሃ መስመር ማስፈለጉ አይቀርምና የአገሩ ግንበኛና ተቋራጭ የሥራ ተስፋ ቢያደርግ የተገባ ነው። ነገር ግን በመንግሥት ጨረታ ከመሠረቱ ቁፋሮ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋስትና ነው።

ክልሎች የየራሳቸው የግዥ ሕግ ቢኖራቸውም የነገሩን ክብደት ለመለካት የፌዴራሉ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ይረዳል። መመሪያው የውል ማስከበሪያውን ከውሉ ዋጋ ከመቶ 10 አድርጎ፥ የቅድሚያ ክፍያውም ከመቶ 30 እንዳይበልጥና በዋስትና እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። እንግዲህ የ10 ሚሊዮን ብር ሥራ ያሸነፈ ሰው ለውል ማስከበሪያ የ1 ሚሊዮን፥ ቅድሚያውን በሙሉ ከፈለገ ደግሞ የ3 ሚሊዮን ብር ዋስትና ማምጣት ነበረበት። ባንኩ ለዚህ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ወይም ቤት በመያዣነት ቢጠይቀው ከየት ያመጣል? ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጠው ገንዘብ ያጠረው ሰው ሲሚንቶና ብረት እንዲገዛበት ነው፤ እርሱን ለመቀበል ግን አስቀድሞ ባለጸጋ መሆን ያስፈልጋል ማለት ነው። ያው መመሪያ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር። ከእነዚህ ጥቂት ከፍ ያለው፥ ሠራተኛና መሣሪያ ያለው ነገር ግን የከተማ ቤት የሌለው ተቋራጭ ደብዳቤውንም የባንኩንም ዋስትና ሳያገኝ በመካከል ይቀራል።

ይህ ሲባል ዋስትና ይቅር ማለት አይደለም። ግድግዳው ቆሞ ጣራ ሳይለብስ የተተወ ትምህርት ቤት የሕዝብ ገንዘብ ነውና መንግሥት ዋስ መጠየቁ ትክክል ነው። የሚመረመረው የዋስትናው ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ጥያቄ ያለ ምንም ምርመራ የሚከፈለው ዋስትና ለአሠሪው ምቹ ቢሆንም ዋሱን ስለሚያስፈራው ዋሱም ከባድ መያዣ ይፈልጋል፤ ተቋራጩ ማጥፋቱ ተረጋግጦ የሚከፈለው ግን ቀለል ባለ መያዣ ሊገኝ ይችላል። በአሜሪካም መንግሥት ለትንንሽ ተቋራጮች ዋስ የሚሆነውን ኩባንያ ኪሳራ በከፊል የሚሸከምበት ሥርዓት አለ። በዚህ ዓይነት ዋሱ ራሱ ዋስ አገኘ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1333 የቀድሞውን የፌዴራል የግዥ አዋጅ ስለ ተካ፥ በየክልሉም ይህንኑ ነገር መመርመር ጊዜው ነው። አነስተኛ ለሆነው ሥራ ማስረጃ ተመርምሮ የሚከፈለውን ዋስትና መቀበል፥ ትልቁን ሥራ የአገሩ ተቋራጭ በሚችለው ልክ ከፋፍሎ ማጫረት፥ ቅድሚያ ክፍያው ከየክፍያው በተቀነሰ ቁጥርም የዋስትናውን ልክ ሳይዘገዩ መቀነስ የግዥ መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚቻል ነገር ነው። ከእነዚህም የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አንዲት ደብዳቤ ለባንኩ መጻፍን ብቻ ነው።